ጩኸት የማይሰማበት ቤት

አስፈሪ ፊልም አልወድም። «ብዙም አይመቸኝም» ብዬ ላለሳልሰው አልፈልግም፤ አልወድም። ሰው ገንዘቡንና ምሽቱን ሰጥቶ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ለመደንገጥ ተዘጋጅቶ የሚቀመጠው ምን ፈልጎ እንደሆነ ከወዳጆቹ ለዓመታት ጠይቄ የረባ መልስ አላገኘሁም። እኛ ጎንደሮች ፍርሃትን ፍለጋ ወጥተን አናውቅም፤ እርሱ ራሱ ቤታችንን ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ በዚህ ክረምት አንዱን ከመጀመሪያው አንሥቶ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ አይቻለሁ። ነገሩ የታናሽ እህቴ ሥራ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትማራለች፤ በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን በተከፈተው በዚያ አንጋፋ ኮሌጅ። ቀን ቀን ሬሳ እየከፈተች የምታጠና ልጅ፣ ማታ ለመዝናናት የምትመርጠው ሬሳ የሚነሣበትን ፊልም ነው። «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እየው። ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ ስደበው። ሳያዩ መሳደብ ግን ነውር ነው» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከጓደኛዋ በፍላሽ የተቀበለችውን ፊልም ላፕቶፗ ላይ ከፈተች። ውጪ የሐምሌ ዝናብ የአራዳን ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል።

ፊልሙ ከተለመዱት አንዱ ስለሆነ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ብዙ ወንድሞች አሉት። ባልና ሚስት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ከከተማ ርቆ ጫካ መካከል የቆመ ትልቅ አሮጌ ቤት ይገዛሉ። ዋጋው ለማመን የሚያዳግት ርካሽ ነው። ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክብ ዓይናቸውን አያይም። እነርሱም ምንም አይጠይቁም። ገና ማንም ሳይሞት እኔ እዚህ ላይ ተናደድሁ። ጎንደር ውስጥ በዚያ ዋጋ ቤት ቢገኝ፣ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ጎረቤቱን፣ የዕድሩን ዳኛ፣ መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠውን ሴት ሳይቀር ይጠይቃል። ቤቱ ውስጥ ማን እንደኖረ፣ ማን እንደሞተ፣ ሟቹም በሕይወት ሳለ በድንበር ጉዳይ ከማን ጋር እንደተካሰሰ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ይደርሰዋል። ፊልሙም እዚያው ላይ ያልቅ ነበር።

የማይወድ ሰው አስፈሪ ፊልም የሚያይበት የራሱ ዘዴ አለው። እኔ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ እስባለሁ። ነገሩ ሊመጣ ሲል የስክሪኑን የላይኛውን ግራ ጥግ ብቻ እመለከታለሁ፤ ጭራቅ በዚያ በኩል ሲገባ አላጋጠመኝም። በጨለማ ደረጃ ላይ መውጣት ሲጀምሩ ደግሞ የረሳሁት ጉዳይ ትዝ ይለኛል፤ ስልኬን አነሣለሁ፣ የነገ ሥራዬን አስባለሁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ድምፁን መቀነስ ነው። እጄ ወደ ላፕቶፑ ሲሄድ እህቴ መታችኝ። «ድምፁን ከቀነስህ ምን ቀረ?»

እውነቷን ነው፤ የሚያስፈራን ምስሉ ይመስለናል እንጂ ሥራውን የሚሠራው ድምፁ ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ሴትዮዋ ገላዋን እየታጠበች በቢላ የምትገደልበትን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ሊተወው አስቦ ነበር። የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ኸርማን ግን የሚጮኹ ቫዮሊኖች ጽፎ አመጣለት፤ ዳይሬክተሩም ሰምቶ ሐሳቡን ለወጠ። ደም ተብሎ የፈሰሰውም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ልዩነቱ አይታይም። እንግዲህ ያን ጊዜ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ የተንዘፈዘፈው ሁሉ ቸኮሌትና ቫዮሊን ፈርቶ ነው ወደ ቤቱ የሄደው።

ከእርሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው «ካት ፒፕል» ላይ ደግሞ አንዲት ሴት በሌሊት ጭር ባለ መንገድ ስትሄድ ከኋላዋ አንድ ነገር የሚከተላት ይመስለናል። ዝምታው እየከበደ፣ እየከበደ ይሄድና እንደ አውሬ ያለ ድምፅ ድንገት ጆሯችንን ይሰነጥቀዋል። የመጣው አውቶቡስ ነው፤ ፍሬን ይዞ አጠገቧ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የፊልም ሰዎች በከንቱ የሚያስደነግጠውን ዘዴ ሁሉ «አውቶቡስ» ብለው ይጠሩታል። በእህቴ ፊልም ውስጥ ድመት አውቶቡስ ሆነች፣ በር አውቶቡስ ሆነ፣ ባልየው ራሱ ሚስቱን ከኋላ ትከሻዋን ነክቶ አውቶቡስ ሆነ። በየአንዳንዱ ዘለልሁ። ዘዴውን ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም።

እህቴ ይህንንም አስረዳችኝ፤ የሕክምና ተማሪ አጋጣሚ አያሳልፍም። ድንጋጤ ከሐሳብ ይቀድማል፤ ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ይሰበሰባል፣ ልብ ይዘልላል፣ «ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ደስታው ደግሞ በሌላ መንገድ የሚመጣ ነው። ዶልፍ ዚልማን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እንዳስተማረው፣ ፍርሃት የቀሰቀሰው የሰውነት መነሣሣት ወዲያው አይበርድም፤ አደጋው ሲያልፍ ያ የተረፈ ግለት እፎይታውን ያበረታዋል። ሰዉ የሚወደው ይህን እፎይታ ነው ትላለች። ማስረዳቷ ጥሩ ነበር። የእኔ ሰውነት ግን ከዚልማን ትምህርት ውስጥ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ የተማረ ይመስለኛል፤ ግለቱ ይቀራል፣ እፎይታው ሳይመጣ አብረን አልጋ ላይ እንወጣለን።

ፊልሙ መካከል ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፤ እኔ እንኳ በዚህ ሰበብ ይቀራል ብዬ ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር። ልጅቷ፣ ትንሿ ልጅ፣ በዚያ ቅጽበት የሰው በማይመስል ድምፅ ጮኸች። ወዲያው በራችን ተንኳኳ፤ አሁንም ዘለልሁ። የአከራያችን እናት ናቸው፤ ግቢው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ሻማ ይዘው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«ማን ነው የሚጮኸው? ደኅና ናችሁ?»

«ፊልም ነው፣ እማማ። ልጅቷን ክፉ መንፈስ ይዟት ነው» አለች እህቴ።

«እናቷስ?»

«እናቷ አላመነችም።»

«አባቷስ?»

«እርሱም አላመነም።»

እማማ ገብተው ተቀመጡ። ሻማቸውን ጠረጴዛው ላይ አቁመው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ጎረቤት የላቸውም?» አሉ።

«የላቸውም። ቤቱ ጫካ ውስጥ ነው።»

«ምን ሊያደርጉ ጫካ ገቡ?»

የአስፈሪ ፊልም ሠሪዎች ሁሉ ተሰብስበው ቢጠየቁ ለዚህ መልስ የሚኖራቸው አይመስለኝም። ልጅቷ ዓይኗ ነጭ ሆኖ በወንድ ድምፅ መናገር ስትጀምር እኔ ጋቢ ውስጥ ነበርሁ፤ እማማ ግን ወደ ፊት ተጠጉ። «አሁን ለፈለፈ። ስሙን ጠይቁት እንጂ! ከየት እንደያዛት ጠይቁት!» ቀጥሎም ስለ ጉንፋን እንደሚናገር ሰው ተረጋግተው፣ «ሰባት ቀን ጠበል ቢያስጠምቋት ይለቃት ነበር፤ የሚወስዳት ዘመድ ጠፍቶ ነው እንጂ» አሉ።

እህቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ለእኔ ሌላ ነገር ሆነ። እማማ የተናገሩት የሚያስቅ ቢሆንም ከዚልማን ይልቅ እርሳቸው ጥያቄዬን መልሰውልኛል። ጠበል ቦታ የሚጮኽ ሰው ያልሰማ ጎንደሬ የለም። እኔም በልጅነቴ እናቴ ቀሚስ ሥር ተወትፌ ሰምቻለሁ። አንዲት ሴት እንደ ወንድ ስትጎረና፣ ስትወድቅ፣ ስትንፈራገጥ ማየት ከየትኛውም ፊልም ያስፈራል። ነገር ግን ዙሪያዋን ሰው ነው። አንዱ ይይዛታል፣ ሌላው ራሷ ድንጋይ እንዳይመታው እጁን ያነጥፍላታል፣ ካህኑ በመስቀል ይዳብሳታል፣ የማያውቋት ሴቶች እግዚኦ ይላሉ። ስትነቃ የሚያለብሳት አለ፣ ዳቦ የሚያቀብላት አለ። በዚህ ፊልም ውስጥ ግን ልጅቷ የተያዘችው በመንፈሱ ብቻ አልነበረም፤ ጩኸቷን የሚሰማ ሰው እንዳይኖር ተደርጎ ነው የተጻፈችው። ደራሲው ጭራቁን ከመፍጠሩ በፊት ጎረቤቱን ገድሏል።

እኛም አስፈሪ ነገር ያጣን ሕዝብ አይደለንም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ፎቶግራፍ ያነሣል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ዓይኔ የሚሄደው ግን ግድግዳው ላይ በእሳት መካከል ወደተቀመጠው ዲያብሎስ ነበር። የበላዔ ሰብእንም ታሪክ አስቡት። ሰባ ስምንት ሰው በልቷል፤ የገዛ ቤተሰቡን ሳይቀር። በተአምረ ማርያም ውስጥ ያለ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሣል፣ የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት ለሕፃን ለሽማግሌው የሚነገር ታሪክ ነው። ማንም «ይህ ለልጆች አይሆንም» ሲል አልሰማሁም። በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ ያች ጥርኝ ውኃ ሰባ ስምንቱን ነፍስ አነሣች። ሰው በላውን ፈርተን ስናበቃ በሚዛኑ ጊዜ አብረነው እንጨነቃለን፤ ሚዛኑ ሲደፋ ደስ ይለናል። ቅዳሴው አልቆ ከሰው ጋር እየተጋፋን ወጥተን ፀሐይ ላይ እንቆማለን።

ተረቱም እንዲሁ ነው። አያ ጅቦ የበላቸውን ልጆች ብዛት ማን ቆጠረ? የሰው ሥጋ ሸትቶኛል እያለች የምትገባው የጭራቅ እናት፣ ልጆቹ የተደበቁበት ቆጥ፣ አንዱ እንዳያስነጥስ አፉን የሚይዘው ታላቁ፤ ይህ ሁሉ ከየትኛው ፊልም ያንሳል? ግን ተራቺዋ አጠገባችን ነበረች። ጅቡ ሲቀርብ ጉልበቷን እንይዛለን። መጨረሻ ላይ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ስትል በሩ ይዘጋል፤ ጭራቁ እዚያ ማዶ፣ እኛ እዚህ እሳት ዳር። እህቴ ባሳየችኝ ፊልም ላይ ግን መጨረሻው መዝጊያ የለውም። ቤተሰቡ አምልጦ መኪና ውስጥ ገብቶ ሲሄድ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ያለችው ልጅ ወደ እኛ ዞራ ፈገግ ትላለች። ክፍል ሁለት እንዲሸጥ በሩን ክፍት ትተውት ሄዱ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ነፋስ የሚገባበት ቤት አልወድም።

በትርጉም ፊልም ያየ ሰው ይህን የበለጠ ያውቀዋል። በእኔ የልጅነት ዘመን ቪዲዮ ቤት ተደርድረን በአግዳሚ ወንበር የምናየው ሕንድና ካራቴ ነበር፤ ተርጓሚው ከመካከላችን እንግሊዝኛ እችላለሁ ባዩ ነው። ዛሬ ፊልሙ በአማርኛ ተተርኮበት ይሸጣል። አስፈሪ ፊልም በእንዲህ ያለ ተራኪ ሲቀርብ ፍርሃቱ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሴትዮዋ ምድር ቤት ልትወርድ ስትል ተራኪው «አንቺ ሴት፣ እረፊ እንጂ!» ይላታል። ሰው አለ፤ ከእኛ ጋር የሚያይ፣ እንደ እኛ የተናደደ። ነገሩ አስቂኝ የሆነው ትርጉሙ ስለከፋ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ተራኪው ጭር ያለውን ቤት በሰው ስለሚሞላው ነው። እህቴ በዚህ አትስማማም፤ ትርጉም ፊልም ጥበብን መግደል ነው ትላለች። ጥበቡን ሊገድለው ይችላል፤ እኔን ግን አድኖኛል።

ይህን ሁሉ ስል የአብሮነት ፍርሃት ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ይህ ሊታለፍ አይገባም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ወለቃ አለች፤ ሸክላ የሚሠሩና ብረት የሚቀጠቅጡ ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባት መንደር። ማረሻችንን የሠሩልን፣ ወጣችንን የሠራንበትን ድስት የጋገሩልን እነርሱ ነበሩ። ሌሊት ሲሆን ግን ጅብ ይሆናሉ፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ብለን ያወራነው እኛ ነን፤ እሳት ዳር ተሰብስበን፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን። ያ ወሬ ስንቱን ሰው ከማኅበር እንዳስወጣ፣ ስንቱን እንዳስመታ የምናውቀው ነው። የፊልሙ ጭራቅ ቢያንስ አድራሻ የለውም። ፊልሙ ሲያልቅ ማንም ተነሥቶ የማንንም በር አይሰብርም። በዚህ በኩል የእህቴ ፊልም ከአያቶቼ ተረት ንጹሕ ነው፤ ሳልወድ እመሰክርለታለሁ።

እውነተኛው ፍርሃት ደግሞ ምን እንደሚመስል ጎንደር ከማንም አትማርም። በቀይ ሽብር ዘመን ሻለቃ መላኩ ተፈራ ከተማዋን ሲገዛ እናቶች ያሉት ግጥም እስከ ዛሬ ይነገራል፦

መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።

በዚህ ግጥም ውስጥ ደም የለም፤ ጩኸትም የለም። አንዲት እናት ተደራደረች እንጂ አልጮኸችም፤ ምክንያቱም ጩኸት የሚሰማ አልነበረም። በዚያ ዘመን ልጁ የተገደለበት ወላጅ እንዳያለቅስ ይከለከል ነበር። ለቅሶ በተከለከለበት አገር «የሰው ያለህ!» የሚል ቃል ለማን ይባላል? እማማ ያን ጊዜ ወጣት እናት ነበሩ። ፊልሙን ሲያዩ «ጎረቤት የላቸውም?» ያሉት በዋዛ እንዳልነበር የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ጎረቤት እያለ በሩን መክፈት የማይችልበትን ሌሊት ያውቁታል። እኛም ብንሆን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት፣ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ሻማ አጥፍተን መሬት ላይ መተኛትን ተምረናል። ሕፃናቱ የቀላሉንና የከባዱን መሣሪያ ድምፅ ይለያሉ። እንዲህ ባለ ከተማ፣ አስፈሪ ፊልም አልወድም የሚል ሰው ለምን እንዲያብራራ እንደሚጠየቅ አላውቅም።

እህቴ ግን እዚህ ላይ ትከራከረኛለች፤ ክርክሯንም ልተወው አልችልም። «ያኛው ሲመጣ ማቆም አትችልም። ይኸኛውን አቆመዋለሁ» አለችኝ፣ የላፕቶፑን ክዳን በጣቷ እያሳየች። ተኩስ በነበረባቸው ሳምንታት በየምሽቱ ስታይ የነበረው አስፈሪ ፊልም ነው። ልቧ አስቀድሞ እየመታ ስለነበር ቢያንስ የሚመታበትን ምክንያት ራሷ መርጣለች። እኔ በእነዚያ ሌሊቶች የምግብ አሠራር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ነበር የማየው፤ ዳቦ ሲጋገር፣ ሽንኩርት ሲከተፍ። ከሁለታችን ማን የተሻለ እንደተኛ ተነጋግረን አናውቅም።

ፊልሙ አልቆ እማማ ሻማቸውን አንሥተው፣ ቤቱን አማትበውበት ወጡ። ዝናቡ አባርቷል፤ መብራት አልመጣም። ጋደም ካልሁ በኋላ በሩቅ ጅብ ጮኸ። የግቢው ውሾችም ተቀበሉት። ጅብ ጎንደር ዳር ሲጮኽ አዲስ ነገር አይደለም፤ አልፈራሁትም። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያኛው አልጋ ድምፅ መጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ተኛህ?»

«ምነው?»

«ሽንት ቤት ሸኘኝ።»

ሽንት ቤታችን ግቢው ጫፍ ላይ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ባትሪ ይዤ ከፊት፣ እርሷ የጋቢዬን ጫፍ ይዛ ከኋላ ሄድን። ሬሳ ከፍታ የምታጠናዋ ልጅ! ልስቅባት አስቤ ጀመርሁ። «እንዲህ ከሆንሽ ብቻሽን ስታዪ ምን ትሆኛለሽ?» አልኋት።

«ብቻዬን? ብቻዬን አይቼ አላውቅም» አለችኝ፣ የማይጠየቅ ነገር የጠየቅኋት ይመስል። ዶርም ውስጥ ሁሉም አንድ አልጋ ላይ ተጨናንቀው፣ አንዷ የአንዷን ብርድ ልብስ እየሳበች፣ ግማሾቹ እየጮኹ ግማሾቹ በጮኹት እየሳቁ ነው የሚያዩት። በተኩሱ ሳምንታትም ያየችው እኔ ወዲያኛው አልጋ ላይ መሆኔን እያወቀች ነው። አንዳንዴ ድምፁን አጥፍታ ነበር፤ እንዳልቀሰቅስህ ብዬ ነው አለች።

«ድምፁን ከቀነስህ ምን ቀረ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«በርታ፣ ባትሪውን ወደዚህ አብራ» ብላ በሩን ዘጋችው።

አሁን ክፍል ሁለትን አምጥታለች። እኔ የማየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ተቆልቶ፣ እማማ ባሉበት እንደሆነ ነግሬያታለሁ፤ ከተቻለም ተርጓሚ ያለበት ቢሆን። «ይህ እኮ ፊልም ማየት አይደለም፣ ማኅበር መጠጣት ነው» ብላ አኮረፈች። እማማ ግን ሐሳቡን ተቀብለውታል። እንዲያውም የሚጠይቁት ፊልሙ እንደመጣ ሳይሆን ልጅቷን በመጨረሻ ጠበል የወሰዳት ሰው እንደተገኘ ነው።